ራሱን ያነቀው አልጌ፦ አንድ የፍሳሽ ኩሬ ለምን ኦክስጅን አጣ?

ፍሳሽን በአልጌ ማጣራት ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ኩሬ ይሠራል። ፍሳሹ ይገባበታል፣ ውሃው ቀስ እያለ እንዲዞር ይደረጋል። ፀሐይ ስትወጣ አልጌው ፎቶሲንተሲስ ይጀምርና ኦክስጅን ይለቃል። ባክቴሪያው በዚያ ኦክስጅን ቆሻሻውን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አልጌው ደግሞ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይወስዳል። አየር የሚነፋ ትልቅ ሞተር የለም፣ የመብራት ሂሳቡም አያስደነግጥም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ያዳበረው ዊልያም ኦስዋልድ ነው። ከዚያ ፀሐይ ወደሞላባቸውና ውሃ ወደሚወደድባቸው አገሮች ተዛመተ። እስራኤል አንዷ ነበረች።

የዛሬው ጉዳይም የእስራኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አቤሊዮቪች እና አዞቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ እንዲህ ዓይነት ኩሬ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ እንዴት እንደተበላሸ አሳተሙ። ጽሑፉ አጭር ነው። ስለ ደካማ ቤዞች (ቤዝ የአሲድ ተቃራኒ ነው) እና ስለ አልጌ ሴል ግን ከብዙ ወፍራም መጻሕፍት የተሻለ ያስተምራል። ምክንያቱም መርዙ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲድ ይበዛል)፣ የሴሉ ውስጥና የኩሬው ዕጣ ሁሉም በአንድ ገመድ ተያይዘው ይታያሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሆነው ነገር ይህ ነው። ጥሬ ፍሳሽ ኩሬው ውስጥ በአማካይ 120 ሰዓት፣ ማለትም 5 ቀን፣ እየቆየ እንዲወጣ ሲደረግ ሁሉም ነገር የተረጋጋ ነበር። አልጌው ያድጋል፣ ኦክስጅኑ አይዋዥቅም። በውሃው ውስጥ ያለው አሞኒያ ከ1.0 ሚሊሞላር አይበልጥም። በናይትሮጅን ሲሰላ ይህ በሊትር 14 ሚሊ ግራም ነው። ቀጥሎ ቆይታው ወደ 48 ሰዓት አጠረ። በአንድ ኩሬ ብዙ ፍሳሽ ማሳለፍ ማንም የሚመኘው ነገር ነው፤ መሬት ውድ ነው። አሞኒያው ወደ 2.5 ሚሊሞላር ወጣ። ኩሬው ቀስ በቀስ ኦክስጅን አልባ ሆነ።

መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ባክቴሪያው ላይ ነው። ብዙ ፍሳሽ ከገባ ብዙ ምግብ ገባ፣ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ በቃ። ይህ ግምት ሐሰት አይደለም፤ ጫናው በእርግጥ ጨምሯል። ግን አንድ ምልክት አልገጠመም። በደህናው ጊዜ የኩሬው ፒኤች በፎቶሲንተሲስ ምክንያት ወደ 9 እና 10 ይወጣ ነበር። አልጌ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃ ሲስብ የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፣ ፒኤች ይጨምራል። አሁን ግን ፀሐይ እያለ ፒኤቹ 8 አካባቢ ላይ ተገትሮ ቀረ። ከባክቴሪያው የሚወጣው ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉን ሊያብራራ ይችላል። ሁሉንም ግን አያብራራም። አልጌው ራሱ ሥራ አቁሟል የሚለው ጥርጣሬ የመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ወደ ላብራቶሪ ገቡ። በእንዲህ ያሉ ኩሬዎች በብዛት የሚገኘው ሴኔዴስመስ ኦብሊኩስ የተባለ አረንጓዴ አልጌ ነው። አሞኒያው ከ2.0 ሚሊሞላር ሲያልፍ እና ፒኤቹ ከ8.0 በላይ ሲሆን፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ፣ የአልጌው ፎቶሲንተሲስም እድገቱም ታፈነ። ክሎሬላ የተባለው ሌላ አረንጓዴ አልጌና ሁለት ሳያኖባክቴሪያዎችም (ፎቶሲንተሲስ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው) ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። በሌላ በኩል በጨለማ የሚደረገው አተነፋፈስ አልተነካም። የሴሉም ቅርጽ አልተለወጠም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መርዝ ሴልን የሚያፈርስ ቢሆን አተነፋፈሱም ይወድቅ ነበር። ይህኛው ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ የብርሃኑን ማሽን ብቻ ይመታል።

ሁለተኛው ፍንጭ ሜቲላሚን ነው። ይህ የአሞኒያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም ደካማ ቤዝ ነው። አልጌ ግን እንደ አሞኒያ የዘወትር የናይትሮጅን ምግቡ አያደርገውም። ሆኖም ጉዳቱ አንድ ዓይነት ሆነ። ወደ ሴሉ የሚገባው መጠንም በፒኤች ይወሰናል። ስለዚህ ችግሩ አልጌው አሞኒያውን በልቶ ምን ሠራበት የሚለው አይደለም። ችግሩ ያለው ቤዝ በመሆኑ ላይ ነው።

ሁለት መልክ ያለው ነገር

እስካሁን ሁሉንም አሞኒያ እያልኩ ስጠራ ቆየሁ። እውነቱ ግን ውሃ ውስጥ ሁለት መልኮች አሉ። አንዱ ቻርጅ የሌለው አሞኒያ ነው። ሌላው አንድ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) የጨመረና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አሞኒየም ነው። ሁለቱ በቅጽበት ይቀያየራሉ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ በግማሽ የሚሆኑት ፒኤች 9.25 ላይ ነው። ፒኤች 7 ላይ ነጻው አሞኒያ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 8 ላይ 5 በመቶ ይሆናል። 9 ላይ 36 በመቶ ይደርሳል። 9.5 ላይ 64፣ 10 ላይ ደግሞ 85 በመቶ። ሙቀትም እጁን ያስገባል። ፒኤች 9 የሆነ ውሃ በ15 ዲግሪ 22 በመቶ ገደማ ነጻ አሞኒያ ይኖረዋል። ያው ውሃ 30 ዲግሪ ላይ 45 በመቶ ገደማ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ኩሬ ሲሞቅና ፒኤቹ ሲወጣ ሁለቱ ነገሮች አብረው ይመጣሉ ማለት ነው።

የሴል ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው። ቻርጅ የሌላት ትንሽ ሞለኪውል በቀላሉ ታልፈዋለች። ቻርጅ ያለው አሞኒየም ግን በስቡ በኩል ማለፍ ይከብደዋል፤ በር ይፈልጋል። አሁን የሴሉ ውስጥ ከውጪው ይልቅ አሲዳማ የሆነ ክፍል አለው እንበል። ነጻው አሞኒያ ይገባል፣ ፕሮቶን ያገኛል፣ አሞኒየም ይሆናል፣ መውጫ ያጣል። ሌላ አሞኒያ ይከተላል፤ እሱም እንደዚያው። ይህ ሂደት ደካማ ቤዞች ሁሉ የሚጋሩት ነው። እኛ አገር ወባ የያዘው ሁሉ የሚያውቀው ክሎሮኪን የሚሠራበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። የወባው ተውሳክ ምግብ የሚፈጭበት አሲዳማ ከረጢት ውስጥ ይገባና ይጠራቀማል። የላብራቶሪ ሰዎች የአልጌንና የተክልን ቫኪዮል፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ ያለውን ከረጢት፣ ኒውትራል ሬድ በሚባል ቀለም የሚያቀልሙትም በዚሁ ዘዴ ነው።

ሒሳቡን እንሞክረው። በብርሃን ጊዜ ፎቶሲንተሲስ በሚካሄድበት የሴል ክፍል፣ በክሎሮፕላስት፣ ውስጥ ያሉት የታይላኮይድ ከረጢቶች ውስጣቸው አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹን 5.5 እንውሰድ። ውጪው ውሃ 8 ከሆነ ልዩነቱ 2.5 ነው። ያ ማለት አሞኒየሙ ከረጢቱ ውስጥ ከውጪው እስከ 316 ጊዜ እጥፍ ሊጠራቀም ይችላል። ውጪው 9.5 ቢሆን 10,000 ጊዜ። እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ሴል ውስጥ ይህ ቁጥር አይደረስም። ከዚያ በፊት የሚፈርስ ነገር አለ። የሚፈርሰው ደግሞ ራሱ የፒኤች ልዩነቱ ነው።

ፓምፑ ይሠራል፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው

ፎቶሲንተሲስ ጉልበት የሚያጠራቅመው በፕሮቶን ነው። ብርሃን ኤሌክትሮንን ያንቀሳቅሳል። በዚያ ጉልበት ፕሮቶኖች ወደ ታይላኮይድ ይገፋሉ። ከዚያ ኤቲፒ ሲንቴዝ በሚባል በር በኩል ተመልሰው ሲወጡ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴሉ ለሥራው የሚያወጣው የጉልበት ሞለኪውል፣ ይሠራል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ አስቡ። ፓምፕ ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው ሲወርድ ቧንቧው ይሠራል። ሮቶው ቢቀደድ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ቆጣሪውም ይሮጣል፤ ወጥ ቤት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። አሞኒያ ሮቶውን የሚቀድ ነገር ነው። እያንዳንዱ የሚገባ አሞኒያ አንድ ፕሮቶን ይወስዳል። ኤሌክትሮኖቹ መሄዳቸውን አያቆሙም፤ ሸክም ስለቀነሰላቸው እንዲያውም ሊፈጥኑ ይችላሉ። ኤቲፒ ግን የለም። ኤቲፒ ከሌለ ካርቦን አይያዝም።

ይህ ነገር ከኩሬው ጉዳይ በፊትም በተክል ይታወቅ ነበር። ክሮግማን፣ ጃገንዶርፍ እና አቭሮን በ1959 አሞኒያ በስፒናች ክሎሮፕላስት ላይ የኤሌክትሮኑን ጉዞና የኤቲፒውን ሥራ እንደሚያለያያቸው አሳይተዋል። ያኔ ምክንያቱ አልታወቀም። ፒተር ሚቸል የፕሮቶን ሐሳቡን ያወጣው በ1961 ነው፤ ለዚያም በ1978 ኖቤል ተሸልሟል። በመሃል፣ በ1966፣ ጃገንዶርፍ እና ዩሪቤ ክሎሮፕላስትን በአሲድ ነክረው ወደ አልካሊ (ፒኤቹ ከፍ ወዳለ ውሃ) በማዞር ብቻ፣ በጨለማ፣ ኤቲፒ እንዲሠራ አደረጉ። የፒኤች ልዩነት ብቻውን ጉልበት መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ልዩነቱን የሚያጠፋ ነገር ጉልበቱንም ያጠፋል። የሚያስቀው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳይንቲስቶቹ ሜቲላሚንን የታይላኮይድን ፒኤች ለመለካት ይጠቀሙበት ጀመር። በትንሽ መጠን መለኪያ ነው፣ በብዙ መጠን አጥፊ።

የአዮን ሚዛኑም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አሞኒየም ፖዘቲቭ ነው። ከረጢት ውስጥ ሲጠራቀም ሚዛኑን የሚጠብቅ ክሎራይድ ይከተለዋል። ጨው ከበዛ ውሃ ይከተላል። ከሴል ተለይተው በወጡ ክሎሮፕላስቶች ላይ ታይላኮይዱ ሲያብጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

ኩሬው ለምን በ1.0 ደህና ሆኖ በ2.5 ወደቀ?

እኔን ከሁሉም በላይ የሳበኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጽሑፉን ላይ ላዩን ያነበበ ሰው አሞኒያ 2.5 ጊዜ ጨመረ፣ ጉዳቱም በዚያው ልክ ጨመረ ብሎ ያልፋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ ጣራ አለ።

ጣራውን ለማየት ከ6 ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። አዞቭ በ1982 ከጎልድማን ጋር ሆኖ ሦስት አልጌዎችን ፈተነ። አንዱ ያው ሴኔዴስመስ ነው። ሁለቱ የባሕር ናቸው፦ ፊዮዳክቲለም ትራይኮርኑተም እና ዱናሊዬላ ተርሺዮሌክታ። አሞኒያውንም ፒኤቹንም እየለዋወጡ ለኩ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ጎጂው ነጻው አሞኒያ ነው። ፒኤች የራሱ ጉዳት የለውም፤ ሥራው ነጻው ስንት እንደሚሆን መወሰን ብቻ ነው። ጉዳቱ በነጻው አሞኒያ መጠን ሲሰላ ሦስቱም አልጌዎች በአንድ ኩርባ ላይ ወደቁ። 1.2 ሚሊሞላር ነጻ አሞኒያ የካርቦን አያያዛቸውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

አሁን ይህንን ቁጥር ወደ ኩሬው መልሱት። ሒሳቡ የእኔ ነው፣ ግን ማንም ሊደግመው ይችላል። ጠቅላላው አሞኒያ 1.0 ሚሊሞላር ከሆነ ነጻው በምንም ዓይነት ፒኤች 1.2 ሊደርስ አይችልም። የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? ፒኤች 10 ላይ እንኳን 0.85 ነው። አልጌው ፒኤቹን እንደፈለገ ቢያወጣ ይቆነጠጥ ይሆናል እንጂ አይወድቅም። ጠቅላላው 2.0 ከሆነ ነጻው 1.2 የሚደርሰው ፒኤች 9.4 አካባቢ ነው። 2.5 ከሆነ ደግሞ 9.2 ላይ። ያም ማለት ጤነኛው አልጌ በየቀኑ ያለ ችግር ይደርስበት የነበረው ፒኤች አሁን ግማሽ ሥራውን የሚቀማው ሆነ። ጥሩ ፀሐይ፣ ጥሩ እድገት፣ ከፍ ያለ ፒኤች፣ ከዚያ ነጻ አሞኒያ፣ ከዚያ መታፈን። አልጌው የሚጎዳው በራሱ ስኬት ነው።

ከታፈነ በኋላ ፒኤቹ አይወጣም። ፒኤች 8 ላይ ከ2.5 ሚሊሞላር ውስጥ ነጻው 0.13 ገደማ ብቻ ነው። ይሄ ብዙ አይደለም። ታዲያ ለምን አላገገመም? ልክ ነው፣ በ1982ቱ ኩርባ ብቻ ብንሄድ ይህ መጠን አልጌውን መግደል አልነበረበትም። ሁለት ነገሮችን ማሰብ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ የ1982ቱ ልኬት የአጭር ጊዜ ነው። ኩሬ ውስጥ ያለ አልጌ ግን ቀንና ሌሊት እዚያው ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ክብደት ያለው፣ ጊዜው ራሱ ነው። ውሃው 5 ቀን ሲቆይ አልጌው ታጥቦ እንዳይወጣ በ3.5 ቀን ገደማ አንዴ እጥፍ መሆን አለበት። ቆይታው 2 ቀን ሲሆን ግን በ1.4 ቀን። ስለዚህ የቆይታው ማጠር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መታው። መርዙን አበዛ፤ ለመራባት የቀረውንም ጊዜ ቀማ። ግማሽ ጉልበቱን ያጣ አልጌ በ5 ቀን ኩሬ ውስጥ ይንፏቀቅ ይሆናል። በ2 ቀን ኩሬ ውስጥ ግን ከሚራባው በላይ ታጥቦ ይወጣል። አልጌው ሲቀንስ አሞኒያውን የሚወስድ የለም፤ ኦክስጅን የሚሰጥም የለም። ባክቴሪያው ላይ የተቀሰረው ጣት እዚህ ጋ ትንሽ ልክ ይሆናል። የመጨረሻውን ኦክስጅን የጨረሰው እሱ ነው፤ ግን ሬሳ ላይ ነው የደረሰው።

ሴሉ ዝም ብሎ አይጠብቅም

የኩሬው ጥናት ወደ ሴል የሚገባው ነጻው አሞኒያ ብቻ ነው ብሎ ያስቀምጣል። ለፍሳሽ ኩሬ ይህ በቂ ነው። አሞኒያ በጥቂቱ በሚገኝበት ንጹሕ ውሃ ግን ታሪኩ ይለያል። ካራ የሚባል አንድ አልጌ አለ፤ ሴሉ በዓይን የሚታይና ኤሌክትሮድ የሚሰካበት ትልቅ ነው። ዎከር፣ ቢልቢ እና ስሚዝ በ1979 በካራ ላይ አሞኒየምና ሜቲላሞኒየም ከነቻርጃቸው በሽፋኑ ሲገቡ በኤሌክትሪክ ለኩ። የሴሉ ውስጥ ከውጪው አንጻር ኔጋቲቭ ነው፤ ያ ቮልቴጅ ፖዘቲቩን አሞኒየም ይስባል። አሞኒየም በመጠኑ ከፖታሲየም ጋር ስለሚቀራረብ በፖታሲየም በሮችም ሊሾልክ ይችላል።

ልዩነቱ ለሴሉ ትልቅ ነው። ነጻው አሞኒያ ሲገባ ከሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከሴሉ የውስጥ ፈሳሽ፣ ፕሮቶን ይወስዳል፤ ውስጡ ወደ አልካሊ ይሄዳል። አሞኒየም ከነቻርጁ ሲገባ ግን ፒኤቹን ወዲያው አይነካም፤ የሚያወርደው ቮልቴጁን ነው። ሴሉ ሚዛኑን ለመመለስ ፕሮቶን ያወጣል ወይም ፖታሲየም ያጣል። ቀጥሎ አሞኒየሙ ግሉታሜት ወደሚባል አሚኖ አሲድ ሲቀየር ፕሮቶን ይተርፋል፤ ያ ደግሞ ውስጡን ወደ አሲድ ይጎትታል። አንድ ኬሚካል እንደ አገባቡ የሴሉን ፒኤች ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይገፋል ማለት ነው። አሞኒያ የሴልን ፒኤች ምን ያደርገዋል ብሎ በጥቅሉ የሚጠይቅ ሰው መልስ የማያገኘው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የውጪው ፒኤች ስንት ነው መባል አለበት።

አንዳንዱ አልጌ ይህንን ወጥመድ ለራሱ ጥቅም አውሎታል። ዱናሊዬላ ሳሊና ጨው በበዛበት ውሃ የምትኖር፣ ጠንካራ የሴል ግድግዳ የሌላት አልጌ ናት። በእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ኡሪ ፒክ እና ባልደረቦቹ በ1991 እንዳሳዩት፣ አሚኖች (አሞኒያና እንደ ሜቲላሚን ያሉ ዘመዶቹ) በአልካሊ ውሃ ውስጥ ሲገቡባት በአሲዳማ ቫኪዮሎቿ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ቫኪዮሎቹ በፖሊፎስፌት፣ ማለትም በፎስፌት ሰንሰለቶች፣ የተሞሉ ናቸው። አሚኑ ፕሮቶኑን ሲጨርስባት ረጃጅሞቹ የፖሊፎስፌት ሰንሰለቶች ወደ አጫጭር ይቆራረጣሉ፤ ሲቆራረጡ ፕሮቶን ይለቃሉ። ቫኪዮሉ አሲድነቱን እንዲህ ይከላከላል፣ ሳይቶፕላዝሙም ከአልካሊ ይድናል። ሴኔዴስመስ ላይ መርዝ የሆነው ነገር እዚህ ጋ መጠባበቂያ ክምችት አግኝቷል። ክምችቱ ግን ያልቃል፤ ገደብ የሌለው መከላከያ አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ስለ ሮቶው የነገርኳችሁ ታሪክ ሁሉንም አያጠቃልልም። በ2008 በሲኔኮሲስቲስ፣ ማለትም በአንድ ሳያኖባክቴሪያ ላይ የወጣ ጥናት ሌላ ተጎጂ አሳይቷል። አሞኒያ በብርሃን ጊዜ ፎቶሲስተም ሁለት የሚባለውን የብርሃኑን ማሽን ክፍል፣ በተለይ ውሃ የሚሰነጥቀውን የማንጋኒዝ ክፍል ይጎዳል። ሴሉ የተጎዳውን በየጊዜው ይጠግናል፤ ጉዳቱ ጥገናውን ሲበልጥ ይሞታል። ስለዚህ ለአረንጓዴ አልጌ የሚሠራውን ማብራሪያ ቀጥታ ለሳያኖባክቴሪያ መለጠፍ ጥሩ አይደለም። በ1976 የኩሬው ተመራማሪዎች ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ከተቷቸው፤ በጊዜው በነበረው እውቀት አይፈረድባቸውም።

ከሳያኖባክቴሪያዎች ውስጥ ደግሞ አንዷ ጭራሽ አልተበገረችም። ቤልኪን እና ቡሲባ በ1991 ስፒሩሊና በከፍተኛ ፒኤች አሞኒያን እንደምትቋቋም አሳዩ፤ አናሲስቲስ የተባለችው ሌላ ሳያኖባክቴሪያ ግን ትጎዳለች። ይህች ስፒሩሊና ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘበትን መልክ የሰጠችው፣ ሻላ አጠገብ ያለውን የጪቱ ሐይቅንም የምትሞላው እሷ ናት። ፒኤቹ 10 አካባቢ የሆነ የሶዳ ውሃ ነው ቤቷ። በዚያ ፒኤች ከገባው አሞኒያ አብዛኛው ነጻ ነው፤ በሴኔዴስመስ ሒሳብ መኖር አልነበረባትም። በዚያ ላይ በ1973 ታሊንግና ባልደረቦቹ በአገራችን የሶዳ ሐይቆች ላይ የለኩት ፎቶሲንተሲስ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኞቹ ጋር የሚመደብ ነበር። ከፒኤች ልዩነት አንጻር ካየነው ነገሩ ብዙም አያስገርምም። ወጥመዱ የሚሠራው ከውጪ ወደ ውስጥ ባለው የፒኤች ልዩነት ነው። በአልካሊ ውሃ መኖር የለመደ ሴል የውስጡንም ፒኤች ከፍ አድርጎ ከያዘ ልዩነቱ ይጠብባል፤ የሚጠራቀመውም ይቀንሳል።

ኩሬውን ምን ያድነዋል?

የ1976ቱ መልስ ጠቅላላ አሞኒያው ከ1.0 ሚሊሞላር እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ይሠራል፤ ግን ሰፊ መሬት ወይም የቀጠነ ፍሳሽ ይጠይቃል። ውሃ በሚቆጠብበት አገር ደግሞ ፍሳሹ ራሱ ወፍራም ነው። ሌላው መንገድ ፒኤቹን መያዝ ነው። በኒውዚላንድ የኒዋ ተቋም ተመራማሪዎች ፓርክ እና ክራግስ ኩሬው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየነፉ ፒኤቹ ከ8 እንዳያልፍ አድርገው ሠርተዋል። ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶው ብቻ ነጻ ስለሆነ ጠቅላላው አሞኒያ ቢበዛም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጥቅሙ እዚያ አያቆምም። አልጌው የሚያጣው ካርቦን ይመለስለታል። አሞኒያውም በጋዝ መልክ ወደ አየር ከመብረር ይልቅ ውሃው ውስጥ ቀርቶ ምግብ ይሆናል። ጋዙን ከየት ማግኘት ይቻላል የሚለው የወጪ ጥያቄ ነው። ከዚያው ፍሳሽ ባዮጋዝ እያወጣ የሚያቃጥል ጣቢያ ካለ ከጭሱ መውሰድ ይችላል። ከሌለ ግን ሲሊንደር እየገዙ መንፋት ብዙም አያዋጣም።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን በትክክለኛው ሰዓት መለካት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚለካ ኩሬ ሌሊቱን ሁሉም ሲተነፍስ ያደረ ነው፤ ፒኤቹ ዝቅ ያለ፣ ነጻው አሞኒያ ኢምንት ነው። ያው ኩሬ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሌላ ኩሬ ነው። ጠዋት ላይ አሞኒያ 2.5 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 7.8 ብሎ የመዘገበ ሠራተኛ ነጻውን ሲያሰላ 0.1 ሚሊሞላር እንኳን አይሞላለትም። ከሰዓት ፒኤቹ 9.4 ቢወጣ ያው ጠቅላላ መጠን 1.5 ሚሊሞላር ገደማ ነጻ አሞኒያ ይሰጣል። ስለዚህ የኩሬው መዝገብ ላይ አሞኒያ፣ ፒኤች፣ ሙቀትና ሰዓቱ በአንድ መስመር መጻፍ አለባቸው፤ ልኬቱም ቢያንስ አንዴ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ መሆን አለበት።